በኩኒ–ሙክታር ተራሮች የደጋ አጋዘንና የመንገድ ድምፅ፦ ከበደሳ መስመር የሚነሣ የጥናት ጥያቄ

ከጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ወደ ደቡብ ታጥፎ በኩኒ በኩል ወደ በደሳ፣ ከዚያም ወደ ገለምሶና ወደ መቻራ የሚዘልቀው መንገድ የጨርጨር ተራሮችን ያቋርጣል። በኩኒ አካባቢ የሚገኙት የሙክታርና የጀሎ ተራሮች በአገሪቱ ብርቅ ከሆኑት የዱር እንስሳት አንዱን፣ የደጋ አጋዘንን፣ ለመጠበቅ በ1980ዎቹ መባቻ መጠለያ ተደርገው የተያዙ ናቸው። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ በተከተሉት ዓመታት ደኑ ተመናምኗል፤ አደኑም በርትቷል። በዚህ የምሥራቅ ጫፍ የቀረው አጋዘን ከባሌ ተራሮች ወገኑ የተቆረጠና በቁጥር እጅግ ያነሰ ነው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ደቡብ ምሥራቅ ደጋዎች በስተቀር በየትም አገር አይገኝም። ለሳይንስ የታወቀውም በቅርቡ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1908 አይቨር በክስተን ከገደለው አጋዘን የተገኘውን ናሙና መርምሮ ሪቻርድ ላይዴከር ስም የሰጠው በ1910 ነው።

ስለ መጠለያው የሚጻፉ ጽሑፎች ባብዛኛው ሦስት ነገሮችን ይመረምራሉ፤ የደን መመንጠርን፣ የከብት ግጦሽንና ሕገ ወጥ አደንን። ሦስቱም ተገቢ ናቸው። አራተኛው ግን ብዙም አይነካም፤ ይኸውም ከመንገዱ፣ ከማሳውና ከከተማው የሚነሣው የሰው ሠራሽ ድምፅ ነው። ዛፉ ሳይቆረጥ፣ ሣሩም ሳይጋጥ አንድ ስፍራ ለእንስሳ የማይመች ሊሆን ይችላልን? በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ይችላል የሚል መልስ ሰጥተዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መልሱ ለኩኒ–ሙክታር ምን ትርጉም እንዳለው መመርመርና በዚያ ሊካሄድ የሚገባውን ልኬት ማመልከት ነው።

የመስሚያ ክልል

ለዱር እንስሳ ጸጥታ ማለት የድምፅ አለመኖር አይደለም። ደን ያለ ማቋረጥ የሚናገር ስፍራ ነው፤ የቅጠል መንኮሻኮሽ፣ የቅርንጫፍ መሰበር፣ የወፍ ማስጠንቀቂያ ጩኸት ሁሉ መልእክት አለው። እንደ ደጋ አጋዘን ያለ፣ ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚውል እንስሳ ከዓይኑ ይልቅ በጆሮው የሚተማመንበት ጊዜ ብዙ ነው። ትልልቅ ጆሮዎቹ ለጌጥ አልተሰጡትም። ሲደነግጥ የሚያሰማው ሳል መሰል ጩኸትም ለመንጋው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ጥቅም የሚኖረው ሌላው አጋዘን ሲሰማው ብቻ ነው።

ችግሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። ዴሲቤል የሎጋሪዝም መለኪያ ስለሆነ ትንሽ የሚመስል ጭማሪ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ድምፅ ከምንጩ በሁሉም አቅጣጫ እየተበተነ ይሄዳል ብለን ስናሰላ፣ የአካባቢው ጫጫታ በ3 ዴሲቤል ሲጨምር አንድ እንስሳ ደካማ ድምፅ ሊሰማበት የሚችለው የመሬት ስፋት በግማሽ ይቀንሳል፤ በ10 ዴሲቤል ሲጨምር አንድ አሥረኛው ብቻ ይቀራል። ስሌቱን ወደ ጨርጨር እናምጣው። አንድ አጋዘን በጸጥታ ጊዜ በ60 ሜትር ርቀት የሚያደባ ነብርን ኮቴ መለየት ቢችል፣ ጫጫታው በ10 ዴሲቤል ሲጨምር ያንኑ ኮቴ የሚሰማው በ19 ሜትር ርቀት ላይ ነው። ለነብር 19 ሜትር ጥቂት ዝላይ ነው።

ጫጫታው ከየት ይመጣል ለሚለውም ተመሳሳይ ስሌት ይሠራል። ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ ከባድ መኪና በ15 ሜትር ርቀት ላይ 82 ዴሲቤል ያሰማል ብንል፣ በመበተን ብቻ በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ወደ 46 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። ቀን ይህ ትንሽ ነው፤ የነፋስና የሰው ድምፅ ይውጠዋል። በደጋ ሌሊት ግን የአካባቢው ድምፅ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ስለሚሆን ጎልቶ ይሰማል። ቅጠልና አየር ቀጭኑን ድምፅ ቶሎ ያደክማሉ፤ ወፍራሙን፣ ከ500 ሄርዝ በታች ያለውን የሞተር ጉርምርምታ፣ ብዙም አይነኩትም። በዚህ ላይ የተራራ ሸለቆ የራሱ ጠባይ አለው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ቀዝቃዛ አየር ወደ ሸለቆው ወርዶ ሲተኛ ሞቃቱ ከላይ ይሆናል፤ ወደ ላይ የሚሄደው ድምፅ ተመልሶ ወደ መሬት ይታጠፋል። ወፎች የሚዘምሩበት፣ ጉሬዛም የሚያጉረመርምበት የንጋት ሰዓት፣ የሩቅ መኪና ድምፅም በሚገባ የሚሰማበት ሰዓት ነው። መንገዱ ከደጋው ኩኒ ወደ ወይና ደጋው በደሳ ሲወርድ መኪኖች በከባድ ማርሽ ይጓዛሉ፤ በየኩርባውም ክላክስ ይነፋል። በሜዳ ላይ ካለ ተመሳሳይ መንገድ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

መንገድ የሌለበት የመንገድ ድምፅ

የመንገድን ጉዳት የሚያጠና ተመራማሪ የሚገጥመው የመጀመሪያ ፈተና መንገድ ብቻውን አለመምጣቱ ነው። ከመንገድ ጋር አቧራ፣ ብርሃን፣ ግጭት፣ እንጨት ቆራጭና አዳኝ አብረው ይመጣሉ። እንስሳው የሸሸው ከየትኛው ነው? ይህን ቋጠሮ በብልሃት የፈታው እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱ የታተመው በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት የተደረገው ሙከራ ነው። ተመራማሪዎቹ መንገድ በሌለበት ሸንተረር ላይ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል የድምፅ ማጉያዎችን ደርድረው የተቀዳ የመኪና ድምፅ አሰሙ። አራት ቀን ድምፁን ከፍተው አራት ቀን እየዘጉ፣ በዚያ የሚያርፉትን ተጓዥ ወፎች ቆጠሩ። ድምፁ በተከፈተባቸው ቀናት የወፎቹ ቁጥር ከሩብ በላይ ቀነሰ። በ2015 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ ሳይሸሹ የቀሩትን ወፎች መርምሮ ለጉዞ የሚያስፈልጋቸውን ስብ እንደሚገባ አለማከማቸታቸውን አሳየ፤ ጊዜያቸውን ከመብላት ይልቅ ዙሪያቸውን በመቃኘት ያሳልፉ ነበር። ይህ ሁለተኛው ግኝት ከመጀመሪያው የበለጠ ሊያሳስብ ይገባል። እንስሳው በስፍራው በመቆየቱ ብቻ ደኅና ነው ብሎ መደምደም እንደማይቻል ያስረዳልና። በቆጠራ ብቻ የሚመራ ጥበቃ ይህን ጉዳት አያየውም።

ሌሎቹን በአጭሩ መጥቀስ ይበቃል። በኔዘርላንድ ላይደን ከተማ ግሬት ቲት የተባሉት ወፎች ጫጫታ በበዛበት ሰፈር ዝማሬያቸውን ከፍ ባለ ድግግሞሽ እንደሚያሰሙ እ.ኤ.አ. በ2003 ተረጋግጧል። በእንግሊዝ ሼፊልድ ሮቢን የተባሉት ወፎች ቀኑ በሚንጫጫባቸው ሰፈሮች በሌሊት ይዘምራሉ። በነፍሳት እግር ኮቴ እየተመሩ የሚያድኑ የሌሊት ወፎች ከአውራ ጎዳና ድምፅ አጠገብ አደናቸው እንደሚዳከም በጀርመን ተመራማሪዎች ታይቷል። ይህ የመጨረሻው ለምዕራብ ሐረርጌ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከበደሳ ወደ ደቡብ በመቻራ ዙሪያ ሰፊ የኖራ ድንጋይ ዋሻዎች አሉና፣ የዋሻና የሌሊት ወፍ አጥኚ ሊያስበው የሚገባ ነው።

ሁሉም ግን ተጎጂ አይደለም። በኒው ሜክሲኮ የጋዝ መጭመቂያ ሞተሮች በሚጮኹበት ደን የወፍ ዝርያዎች ቁጥር ቢያንስም፣ እዚያ የቀሩት ወፎች ጎጇቸው የተሻለ ይሳካ ነበር። ምክንያቱ እንቁላልና ጫጩት የሚበላው ጄይ የተባለው ወፍ ጫጫታውን ሸሽቶ መሄዱ ነው። ይኸው ወፍ የጥድ ዘር በመቅበር ደኑን የሚያድስ ስለነበር በጫጫታው አካባቢ የጥድ ችግኝም ቀነሰ። ድምፅ አንዱን ገፍቶ ሌላውን ይጠቅማል፤ ውጤቱም ከእንስሳ ወደ ዕፅዋት ይሻገራል።

ለኩኒ–ሙክታር ይበልጥ የሚቀርበው ማስረጃ የጉሬዛ ነው። ወንዱ ጉሬዛ በንጋት የሚያሰማው ጉርምርምታ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰማል፤ ድምፁም ወፍራም ስለሆነ ከሞተር ድምፅ ጋር በአንድ የድግግሞሽ ክልል ውስጥ ይወድቃል። በኡጋንዳ ቡዶንጎ ደን የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳየው ጉሬዛዎች ለነብርና ለንስር የሚያሰሙት ማስጠንቀቂያ አንድ አይደለም። ለነብር በማንኮራፋት መሰል ድምፅ ይጀምራሉ፤ እያንዳንዱም የጩኸት ዙር ጥቂት ምት ብቻ ይኖረዋል። ለንስር ሲሆን ዙሩ ጥቂት ሆኖ በእያንዳንዱ ውስጥ ያለው ምት ብዙ ነው። እንግዲህ መልእክቱ ያለው በጩኸቱ ኃይል ሳይሆን በአደራደሩ ነው። የሚያልፍ ከባድ መኪና የመጀመሪያዋን አጭር ማንኮራፋት ቢሸፍናት፣ ጩኸቱ ቢሰማም አደጋው ከምድር ይሁን ከሰማይ የሚለው ይደበዝዛል። ወደ ዛፍ ጫፍ መሸሽ ለነብር መድኃኒት ሲሆን ለንስር ራስን አሳልፎ መስጠት ነው።

ዲንሾና ኩኒ

እስከዚህ የተባለው ድምፅን እንደ ግርዶሽ የሚመለከት ነው። ሁለተኛ ገጽታ አለው፤ ድምፅ ትርጉምም አለው። በደቡብ አፍሪካ ታላቁ ክሩገር አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ በሆነ ጥናት ተመራማሪዎች በውኃ ጉድጓዶች ዳር ካሜራና ድምፅ ማጉያ ተክለው የአንበሳ ድምፅ፣ የተኩስ፣ የውሻ ጩኸትና ተራ የሰው ንግግር አሰሙ። እንስሳቱ የሰውን ንግግር ሲሰሙ ከአንበሳው ድምፅ ይልቅ በእጥፍ የመሮጥ ዝንባሌ አሳዩ። ንግግሩ ረጋ ያለ፣ በዴሲቤልም ከፍ ያላለ ነበር። ያስፈራቸው መጠኑ ሳይሆን ባለቤቱ ነው።

በኢትዮጵያ ይህን ለማየት ከደጋ አጋዘን የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት በዲንሾ፣ አጋዘኖች የሰው ድምፅ እየሰሙ፣ የመኪና ድምፅም እያለፈባቸው ይግጣሉ፤ ሰው በጥቂት እርምጃ ቢቀርባቸውም ቀና ብለው አይተው ይመለሳሉ። በዚያ የሰው ድምፅ ከአዳኝ መጠበቅ ማለት ሆኖላቸዋል። ተኩስና የውሻ አደን በማይረሳበት ስፍራ ያው ዝርያ ከቁጥቋጦ ሳይወጣ ይውላል፤ የሚግጠውም ሲመሽ ነው። ስለዚህ በአንዱ ስፍራ የተገኘ የዴሲቤል ወሰን ወደ ሌላው እንዳለ ሊገለበጥ አይችልም። እስካሁን ጫጫታን ከጉዳት ጋር በቀጥታ ለማዛመድ የሚሞክሩት ብዙዎቹ ሥራዎች ይህን የታሪክ ልዩነት ቸል ማለታቸው ደካማ ጎናቸው ነው።

ዲንሾም ቢሆን ነገሩ ሁሉ መልካም ነው ማለት አይደለም። መላመድ የራሱ ዋጋ አለው፤ በጋይሳይ ሜዳ ጥግ የሚያልፈውን መኪና የማይፈራ አጋዘን በመኪና የመገጨት ዕድሉ ከፍ ይላል።

የማማ ድምፅ

በምዕራብ ሐረርጌ የሰው ድምፅ ሁሉ ሳይታሰብ የሚወጣ አይደለም። ማሽላ ሲያሽት በየማሳው መካከል ማማ ይተከላል፤ ጠባቂው በላዩ ሆኖ ይጮኻል፣ ጅራፍ ያጮኻል፣ ወንጭፍ ይወነጭፋል፣ ቆርቆሮ ይደበድባል። ቀን ዝንጀሮንና የወፍ መንጋን፣ ሌሊት ከርከሮንና ጃርትን ለማባረር ነው። ይህ በዕውቀት የሚሠራ ሥራ ነው። ልምድ ያለው ጠባቂ ጩኸቱን ያለ ለውጥ አይደጋግምም፤ ጊዜውን፣ ስፍራውንና ዓይነቱን ይለዋውጣል፤ አልፎ አልፎም ድንጋዩን ያስከትላል። በሌሎች አገሮች በጋዝ የሚሠሩ የወፍ ማባረሪያ መድፎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ኃይላቸውን የሚያጡት ይህ ብልሃት ስለጎደላቸው ነው፤ ጉዳት የማያስከትል ድምፅ ወዲያው ይለመዳል።

ከዚህ የሚወጣው ነጥብ ለጥበቃ ሥራ ከባድ ነው። ማሳው ከደኑ ጠርዝ ጋር በተገናኘበት የኩኒ ዳገት ለዝንጀሮ የተላከው ጩኸት የዝንጀሮ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ አጋዘኑም ይሰማዋል። ዝንጀሮው በማኅበር የሚኖር፣ ፈጥኖ የሚማር፣ የሚያተርፈውንም የሚያውቅ ስለሆነ ጩኸቱን ይለምዳል፤ ወደ ማሽላውም ይመለሳል። አጋዘኑ ከማሳው የሚያገኘው ጥቅም ያን ያህል ስላልሆነ ሸሽቶ ይቀራል። በመሆኑም ጫጫታው የተላከበትን ሳይሆን ያልተላከበትን ሊያርቅ ይችላል። ይህ መላ ምት ነው፤ ነገር ግን በመስክ ሊፈተን የሚችል መላ ምት ነው። ገበሬው ዝም ይበል የሚል ምክር ከዚህ ሊወጣ አይገባም፤ የማሽላው ማሳ የቤተሰቡ የዓመት ቀለብ ነው።

የጫት መኪና ሰዓት

በደሳ ከድሮ ጀምሮ የቡና አገር ናት። ጫት ግን በጨርጨር ዳገቶች እየሰፋ ሲሄድ የመንገዱን ጠባይ ለውጧል። ቡና ደርቆ በጆንያ ይጠብቃል፤ ጫት አይጠብቅም። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲጠወልግ በሁለት ቀን ያህል ውስጥ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣልና፣ ዋጋው ያለው በፍጥነቱ ነው። የጫት መኪና ስለዚህ ንጋትን አይጠብቅም፤ ፍጥነትም አይቀንስም። የድምፅ ልኬትን በቀን አማካይ ብቻ የሚያስቀምጥ ጥናት ይህን ያጣዋል። በሰዓት ጥቂት መኪና ብቻ የሚያልፍበት ሌሊት አማካዩ ዝቅተኛ ይሆናል፤ እያንዳንዱ መኪና ግን በጸጥታው መካከል ድንገት የሚነሣ ድምፅ ነው። አጋዘን በቀን ሰውን ሸሽቶ ወደ ሌሊት ከዞረ፣ የሚያገኘው ሌሊት ቀድሞ የነበረውን ሌሊት አይደለም። የቀኑን ሁካታ ሊያመልጥበት የሚችል ሌላ ሰዓት አልቀረለትም።

በአንጻሩ በሰሜን በኩል በሚኤሶ ሜዳ የሚያልፈው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ድምፁ ከፍ ቢልም በመርሐ ግብር የሚያልፍ ነው። ሊተነበይ የሚችል ድምፅ ለመላመድ ይቀላል።

ሕጉ የሚሰማው ለማን ነው

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የድምፅ መጠን ወሰን እንዲወጣ ያዝዛል። በሥራ ላይ ያለው ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው፤ ለንግድና ለኢንዱስትሪ ስፍራ ከዚያ ከፍ ይላል። መለኪያው የሰው ጆሮ ነው። የዱር እንስሳት ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 541/1999 በበኩሉ የሚያተኩረው በአደን፣ በንግድና በመኖሪያ ስፍራ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል የጥብቅ ስፍራ ጸጥታ ባለቤት አላገኘም። በአሜሪካ የተጠበቁ ስፍራዎች 63 በመቶ በሚሆኑት የሰው ድምፅ የተፈጥሮውን የድምፅ መጠን በእጥፍና ከዚያ በላይ እንዳሳደገው እ.ኤ.አ. በ2017 የታወቀው ለመለካት የወሰነ ተቋም ስለነበረ ነው። በኢትዮጵያ ከአዲስ ሕግ በፊት ይበልጥ የሚቀርበው በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት ለመንገድ ፕሮጀክት በሚቀርብ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ውስጥ የዱር እንስሳት ድምፅ ልኬት እንዲካተት ማድረግ ነው።

ልኬቱ

መሣሪያው ዛሬ ውድ አይደለም። በእጅ መዳፍ የሚያዙ እንደ ኦዲዮሞዝ ያሉ ድምፅ መቅጃዎች በባትሪ ለሳምንታት ይሠራሉ። ከመንገዱ በ100፣ በ400፣ በ800 እና በ1,600 ሜትር ርቀት በሁለት ሸንተረሮች ላይ ቢተከሉ፣ አንዱ ሸንተረር መንገዱን ፊት ለፊት የሚያይ፣ ሌላው በተራራ የተከለለ ቢሆን፣ የድምፅን ውጤት ከርቀት ውጤት መለየት ይቻላል። ርቀቱ እኩል ሆኖ ድምፁ የሚለያይበት እንዲህ ያለ ስፍራ የሚገኘው በተራራ ላይ ነው። ከእያንዳንዱ መቅጃ ጋር ካሜራ ቢታሰር እንስሳው በምን ሰዓት እንደሚወጣ፣ ሲግጥ ስንት ጊዜ ቀና እንደሚል ይታያል። የጭንቀት ሆርሞን ደግሞ እንስሳውን ሳይነኩ ከበጠጡ ሊለካ ይችላል። መቅጃዎቹ በቤተ ሙከራ ካልተመዘኑ የሚሰጡት ቁጥር ዴሲቤል ነው ተብሎ መጻፍ የለበትም፤ በብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች የሚታለፍ ነጥብ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ማነጻጸሪያ ማግኘት ነው። የኮቪድ ወረርሽኝ በ2020 ሳን ፍራንሲስኮን ጸጥ ባሰኘ ጊዜ ተመራማሪዎች የወፎቹ ዝማሬ እንደተለወጠ አይተዋል፤ እንዲህ ያለው አጋጣሚ ግን በየዓመቱ አይገኝም። ምዕራብ ሐረርጌ ለዚህ የራሱ ዕድል አለው፤ እርሱም የረመዳን ወር ነው። በወሩ ሰው ቀን ይጾማል፣ ሌሊት ይነቃል፤ ጫት የሚቃመውም ከፍጥር በኋላ በመሆኑ የጭነቱና የጉዞው ሰዓት ይሸጋሸጋል። በሰሜን ኢትዮጵያ በእነ ግደይ ይርጋ የተጠናው የጅብ አመጋገብ በዐቢይ ጾም ወቅት መለወጡን እንዳሳየው ሁሉ፣ የሃይማኖት ጊዜ ለእንስሳት ጥናት ጥሩ መለኪያ ሊሆን ይችላል። ረመዳን ከዐቢይ ጾም የሚለየው በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ገደማ ወደ ኋላ እየተሳበ ወቅቶችን ሁሉ የሚዞር መሆኑ ነው። በተከታታይ ዓመታት ከወሩ ሦስት ሳምንት በፊት ጀምሮ እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ የሚቀዳ ድምፅ፣ የዝናብንና የማሽላ ጥበቃን ወቅት ከመኪናው ሰዓት ለመለየት ያስችላል። ለማስተርስ ተማሪ አንድ ዓመት ብቻ ስለሚኖረው፣ የመጀመሪያው ተማሪ መቅጃዎቹን የተከለባቸውን ዛፎች መጋጠሚያ ቁጥር በጥንቃቄ መዝግቦ ለሚቀጥለው ማስረከብ ይኖርበታል።